መኪና ስንሰጥ አስበን እንስጥ



ሰኔ 30 ሒሳብ የሚዘጋበት ቀን ነው። ቀኑ ሲቃረብ አንዳንዱ ነጋዴ «ያቺን የቆመች መኪና ለበጎ አድራጎት ልስጥና ግብሩ ይቅለለኝ» ይላል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ግን ሳሩን አይተን ገደሉን እንዳንረሳ።

የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታ በወጪ እንዲያዝ የፈቀደው ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ሳያልፍ ነው። መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ገቢው 300,000 ብር ሆኖ 200,000 ብር የምታወጣ መኪና ቢሰጥ የሚያዝለት 30,000 ብር ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ከገቢው እንጂ ከግብሩ አይቀነስም። ደመወዝተኛውማ ከነጭራሹ ተቀናሽ የለውም።

እንግዲህ የሰጪው ዋና ትርፍ የተረጂው መጠቀም ነው። በሽተኛ አምቦ ድረስ ማድረስ የምትችል መኪና ትልቅ ስጦታ ናት። ሞተሯ የደከመ፣ ጎማዋ ያለቀ ከሆነች ግን ለተቀባዩ ዕዳ ናት፤ እሷን ሸጦ ገንዘቡን መስጠት ይሻላል።

ለመስጠት የቆረጣችሁ ወገኖች፣ የገቢዎች ጽሕፈት ቤቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ድርጅቱ የተመዘገበ መሆኑን አረጋግጡ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። ሊብሬው ሳይዛወር ቁልፍ አታስረክቡ፤ ነገ አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የሚፈለገው ስሙ ሊብሬው ላይ ያለው ሰው ነው።

የሰኔ ጥድፊያ ሳይመጣ ከአሁኑ እንምከርበት እንላለን።