የካርቱም የወንጀል መዝገብና የሰው ስም

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ብሂል በነጋዴው ሱቅም ሆነ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዘወትር ሲጠቀስ ይሰማል። የመጋዘን ቁልፍና የገንዘብ ሣጥን ለማያውቁት ሰው አስረክቦ በሰላም ተኝቶ ለማደር አይቻልም። ስለዚህ ገንዘብ ያዥ፥ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ወይም ሹፌር የሚቀጥር ሁሉ አስቀድሞ የሰውየውን ጠባይና የቀድሞ አኗኗር መመርመሩ የሚገባ ሥራ ነው እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። የሚያከራክረው ነገር የሚጠየቀው ማን ነው? የሚጠየቀውስ በምን መንገድ ነው? የተገኘውስ መልስ ምን ያህል ይታመናል? የሚለው ነው።

ይህን ነገር ለማንሣት ያስገደደን የካርቱም ሁኔታ ነው። በካርቱም፥ በኦምዱርማንና በባሕሪ ለብዙ ዓመታት ሠርተው የኖሩ ወገኖቻችን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በዚያ አገር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ተበትነዋል። ከፊሎቹ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከፊሎቹም ወደ ግብፅና ወደ ሌላ አገር ተሻገሩ። እነዚህ ሰዎች ሥራ ለመያዝ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ሲቀርቡ፥ በኖሩበት አገር ወንጀል ያልፈጸሙ መሆናቸውን የሚያስረዳ ወረቀት እንዲያመጡ ይጠየቃሉ። ጥያቄው የተለመደ ነው። ነገር ግን በተለመደው ቃል የሚጠየቀው ወረቀት በተለመደው መንገድ የማይገኝበት ጊዜ መጥቷልና፥ አስተዳዳሪውም ነጋዴውም የወረቀቱን ጥቅምና ጉድለት ለይተው ሊያውቁት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ወረቀቱ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በካርቱም ሕዝቡ «ፊሽ» እያለ የሚጠራው ይህ ማስረጃ የሚወጣው ከሱዳን ፖሊስ የወንጀል ማስረጃ ክፍል ነው። ባለጉዳዩ ፓስፖርቱን ወይም መታወቂያውን ይዞ ራሱ ይቀርባል፤ የጣቶቹ አሻራ ይነሣል፤ አሻራው ከመዝገቡ ጋር ከተመሳከረ በኋላ መልሱ በጽሑፍ ይሰጠዋል። ወረቀቱ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ እንደ ሆነ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሚቀርብበት አገር ኤምባሲ መጽደቅ ይገባዋል። በኢትዮጵያም ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያስረዳውን ወረቀት የሚሰጠው የፌዴራል ፖሊስ ሲሆን፥ የሚሰጠውም እንደዚሁ አሻራ አንሥቶ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ። በአሜሪካ አገር በብዙ ስፍራ ማንም ሰው ወደ ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ሄዶ የጎረቤቱን የክስ መዝገብ ለማየት ይችላል። በእኛና በሱዳን ልማድ ግን የአንድ ሰው የወንጀል መዝገብ የሚሰጠው ለራሱ ለባለመዝገቡ፥ ሕጋዊ ውክልና ለሰጠው ሰው፥ ወይም በሥልጣኑ ለሚጠይቅ ፍርድ ቤትና መሥሪያ ቤት ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የፍርድ ነገር በግልጽ ችሎት እንዲሰማ ያዝዛል፤ የተከሰሰም ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር በዚያው አንቀጽ ተደንግጓል። ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት መሆኑ ዳኛው በሕዝብ ፊት እንዲፈርድ ነው፤ የሰውየው ስም ዕድሜውን ሙሉ በገበያ እንዲዞር አይደለም። ስለዚህ በጓዳ በር ጸሐፊ አባብሎ ወይም ደላላ ልኮ የሌላውን ሰው መዝገብ ለማየት የሚሞክር ነጋዴ፥ ጥንቃቄ ያደረገ ቢመስለውም ሕግን ይጥሳል።

ሁለተኛው ነገር የስም ጉዳይ ነው። ፈረንሳዮች በ1850 እ.ኤ.አ. የወንጀል መዝገብ ሥርዐት ሲያቆሙ የእያንዳንዱ ሰው ፍርድ በተወለደበት አውራጃ ፍርድ ቤት ተጽፎ እንዲቀመጥ አደረጉ፤ ጣልያኖችም «ካዜላሪዮ» የሚሉትን መዝገብ አቋቋሙ። ይህ ሥርዐት የሚሠራው ሰውየው እውነተኛ ስሙንና የትውልድ ስፍራውን የተናገረ እንደ ሆነ ነው። ስሙን የለወጠ ሰው ከመዝገቡ ያመልጣል፤ ስሙን የሚጋራ ንጹሕ ሰው ግን ይያዛል። ይህን ችግር ያቃለለው የጣት አሻራ ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. በህንድ አገር በካልካታ የአሻራ ቢሮ ተከፈተ፤ በ1901 እ.ኤ.አ. ደግሞ የለንደን ፖሊስ ይህንኑ ተከተለ። ሱዳን በ1899 እ.ኤ.አ. የወጣላት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከህንዱ ሕግ የተቀዳ እንደ መሆኑ መጠን፥ የእንግሊዝ የአስተዳደር ልማድ ከካልካታ ወደ ካርቱም ምን ያህል ቅርብ እንደ ነበረ ይታያል።

ስም ብቻውን የማይታመን መሆኑን ከአማርኛ ወደ ዓረብኛ ወረቀት የሚያገላብጥ ሁሉ በየቀኑ ያየዋል። በዓረብኛ ፊደል ለ«ገ» የተወሰነ ምልክት የለም። «ገብረ» የሚለውን ስም የሱዳን ጸሐፊ እንደ አገሩ አነጋገር በቃፍ ሊጽፈው ይችላል፤ ሌላው በጂም፥ ሌላውም በገይን ይጽፈዋል። «ጨ» እና «ጰ» ያሉባቸው ስሞችማ ከዚህ የባሰ መልካቸውን ይለውጣሉ። ከዚህም በላይ የሱዳን መዝገብ የሰውየውን፥ የአባቱን፥ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም ሲጠይቅ የእኛ ሰው ከሦስት ስም አልፎ የመጻፍ ልማድ የለውም። የልደት ዘመኑም በኢትዮጵያ አቈጣጠር እንደ ተጻፈ ሳይመለስ የተቀዳ እንደ ሆነ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያመጣል። እንግዲህ በስም ብቻ ተፈልጎ «አልተገኘም» የሚል መልስ የመጣ እንደ ሆነ ሰውየው ንጹሕ ነው ለማለት አያስደፍርም፤ «ተገኘ» የሚል መልስም በአሻራ ሳይረጋገጥ ማንንም አያስኰንንም።

ሦስተኛው ነገር ጦርነቱ ያመጣው ነው። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ውጊያው በከተማው ውስጥ ሲበረታ፥ በኮበር እስር ቤትና በኦምዱርማን በሚገኘው በአልሁዳ እስር ቤት የነበሩ እስረኞች ወጥተው ሄዱ። ከቀድሞው መንግሥት ሹማምንት መካከል አንዱ የሆኑት አሕመድ ሃሩን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ከኮበር መውጣታቸውን በዚያው ወር በራሳቸው ድምፅ ለሕዝብ አስታወቁ። የመንግሥቱ መሥሪያ ቤቶችም ሥራቸውን ወደ ፖርት ሱዳን አዛወሩ። የሱዳን ሠራዊት ካርቱምን መልሶ የያዘው በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. ነው። ወደ ሁለት ዓመት በሚጠጋው በዚህ ጊዜ ውስጥ ፍርድ ቤትና ፖሊስ በከተማው እንደ ወትሮው መዝገብ ሊይዙ አይችሉም ነበር። ስለ ሆነም ስለነዚያ ዓመታት የሚነገር «መዝገብ የለበትም» የሚል ቃል ብዙ አያስረዳም። እንዲሁም ሸሽቶ የወጣ ሰው ወረቀቱን ሊያቀርብ ባለመቻሉ በወንጀል ሊጠረጠር አይገባውም። የማይገኝ ወረቀት ካላመጣህ ብሎ ማስጨነቅ ሐቀኛውን ያለ ሥራ ያስቀራል፤ ለአጭበርባሪው ግን የሐሰት ማኅተም ገበያ ይከፍትለታል።

አራተኛው ነገር ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለናል። ወረቀቱ «ተፈርዶበታል» ቢልስ? አንዳንድ ቀጣሪ ይህን ባየ ጊዜ በሩን ለዘለዓለም ይዘጋል። ሕጉ ግን እንዲህ አላለም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ፥ ከእርሱም አስቀድሞ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ «መሰየም» በሚለው ክፍል የተቀጣ ሰው ወደ ቀድሞ ክብሩና መብቱ የሚመለስበትን መንገድ ደንግገዋል። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ ቢያንስ አምስት ዓመት፥ በሌላው ቅጣት ደግሞ ቢያንስ ሁለት ዓመት በመልካም ጠባይ ቈይቶ፥ ያደረሰውንም ጉዳት በተቻለው መጠን ክሶ ቢገኝ፥ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤትን ሊለምን ይችላል። ከተሰረዘም በኋላ በክፋት ያንን የቆየ ፍርድ እያነሣ የሚሰድበው ሰው ስም በማጥፋት ይጠየቃል። ሕግ ይቅር ያለውን ሰው ቀጣሪ በጓዳው ደግሞ የሚቀጣበት ምክንያት አይታየንም።

ጥንት ሌባ በሌባሻይ ይፈለግ በነበረበት ዘመን፥ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ተንገዳግዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ያለ ማስረጃ ዕዳ ይከፍል ነበር። በስም ብቻ የተፈለገ መዝገብ፥ ምንጩ ያልታወቀ ቅጂና የገበያ ወሬ ከሌባሻይ የሚሻሉ አይደሉም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ አሳባችንን በአጭሩ እንገልጻለን። ቀጣሪ የወንጀል መዝገብ የሚያስፈልገው እንደ ሆነ ለራሱ ለተቀጣሪው በግልጽ ይንገረው፤ ተቀጣሪውም ራሱ ያውጣው። የሚጠየቀው ወረቀት በአሻራ የተመሳከረና የወጣበት ቀን ያልራቀ ይሁን። የተተረጐመ እንደ ሆነ ስሙ በፓስፖርቱ እንደ ተጻፈው ይቀመጥ፤ ዓመተ ምሕረቱም የየትኛው አቈጣጠር እንደ ሆነ ይገለጽ። መያዝ፥ መከሰስና መፈረድ ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸው አይዘንጋ። የተፈረደበት ሰው ከሆነም ጥፋቱ ከሚሠጠው ሥራ ጋር ያለው ግንኙነት ይመዘን፤ በማጭበርበር የተቀጣ ሰው ገንዘብ ያዥ ባይሆን ነውር የለውም፤ ከዓመታት በፊት በጠብ የተቀጣ ሰው ግን ጆንያ እንዳይሸከም የሚከለክለው ነገር የለም። ወረቀቱም ከተነበበ በኋላ በቁልፍ ይቀመጥ እንጂ በጠረጴዛ ላይ አይጣል።

ከካርቱም ወጥቶ ወረቀት ለማግኘት ላልቻለ ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ ይፈለግለት። አሁን በሚኖርበት አገር አሻራውን ሰጥቶ የሚያገኘው ማስረጃ፥ በካርቱም ያሠሩት የነበሩ ሰዎች ምስክርነት፥ ወረቀቱን ለማግኘት ስላደረገው ጥረት በፊርማው የሚሰጠው ቃል፥ የታወቀ ዋስና የተወሰነ የመፈተኛ ጊዜ ተደምረው ከአንድ ማኅተም የበለጠ ያስረዳሉ። ነጋዴዎቻችን ዋስ የመጥራትን ልማድ ከአባቶቻቸው የወረሱት ስለ ሆነ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም። አስተዳዳሪዎችም በመመሪያቸው ውስጥ በጦርነት ምክንያት ማስረጃ ላጣ ሰው ይህን መንገድ በጽሑፍ ቢከፍቱለት፥ ጸሐፊው በየመስኮቱ እንደ ፈቃዱ ከመፍረድ ይድናል።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንደሚባለው የሰው ስም ከሕይወቱ የሚረዝም ሀብት ነው። የነጋዴው ገንዘብ እንዲጠበቅ የምንሻውን ያህል የሠራተኛውም ስም እንዲጠበቅ ልንሻ ይገባል። መዝገብ የሚያዘው ለሁለቱም ነውና፥ ጠያቂው በሥርዐት ይጠይቅ፤ ሰጪው በእውነት ይስጥ፤ አንባቢውም በማስተዋል ያንብብ።