ኳስ ተጫዋቿ ልጅና ጉልበቷ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌ ሰፈሮች ኳስ የምትጫወት ልጅ ያለቻት እናት ሁለት ነገር ያሳስባታል፤ የጎረቤት ሐሜትና የልጇ ጉልበት።

ለሐሜቱ መልስ አለ። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲ በ1997 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ተጉዞ ከአፍሪካ አራተኛ ወጥቷል። የዱራሜዋ ሎዛ አበራም ስዊድንና ማልታ ሄዳ ተጫውታለች።

ጉልበት ግን ጥንቃቄ ይሻል። የውስጥ ጅማቱ ከወንዶች ይልቅ በሴት ተጫዋቾች ላይ በብዛት ይበጠሳል። ስትዞር ቋ ብሎ ወዲያው ካበጠ ወጌሻ አይሸው፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይያዝበት፣ እግሯ ከፍ ይበል፣ ሐኪም ይየው። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ወደ ሜዳ ለመመለስ ቢያንስ 9 ወር ያስፈልጋታል። የእንጦጦን ቁልቁለት መሮጥም ጉልበትን ስለሚጫን ለመጨረሻ ይቆይ።

እናቶች፣ ልጃችሁን ከኳስ አትከልክሏት፤ እስክትድን አስታግሷት። 9 ወር መታገሥ ለእናት አዲስ ነገር አይደለም።