ልጁ ለእናቱ በየትኛው ቋንቋ ይናገር?

“አፍ የፈታሁበት ቋንቋ” እንላለን። አፉን ገና ያልፈታ ልጅስ የየትኛው ቋንቋ ልጅ ነው? በአሜሪካ ስፓኒሽ ተናጋሪ ሆነው ኦቲዝም ያለበት ልጅ ለሚያሳድጉ ወላጆች ይህ የፍልስፍና ጥያቄ አይደለም። ብዙዎቹ “ሁለት ቋንቋ ልጁን ያምታታዋል፤ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት” የሚል ምክር ሲሰጣቸው ኖሯል። እንደኔ እንደኔ ይህ ምክር ስህተት ነው። ለልጁ የሚሰጠው የባህሪ ሕክምና ከቤቱ ቋንቋ መጀመር አለበት።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። የአገሪቱ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ክትትል በተደረገባቸው አካባቢዎች ስምንት ዓመት ከሆናቸው 31 ልጆች አንዱ ኦቲዝም አለበት። የሂስፓኒክ ልጆች ድርሻ ደግሞ ከነጮቹ ይበልጣል።

በመጀመሪያ ጥናቱን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2012 በካናዳ በ75 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ የታተመ ጥናት፣ ሁለት ቋንቋ እየሰሙ ያደጉት አንድ ብቻ ከሚሰሙት የባሰ የቋንቋ መዘግየት እንዳልታየባቸው አሳይቷል። ከዚያ በፊት በ2011 ከስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰብ በመጣች አንዲት ሕፃን ላይ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ትእዛዙ በስፓኒሽ ሲሰጣት ትክክለኛ መልሷ ጨመረ፣ አስቸጋሪ ባህሪዋ ቀነሰ። የአንድ ልጅ ውጤት ለሁሉም ማስረጃ አይሆንም፤ “ያምታታዋል” ለሚለው ግን ያን ያህል እንኳ ማስረጃ የለም።

ሁለተኛው ምክንያት ከሕክምናው ከራሱ የሚነሳ ነው። የባህሪ ሕክምና መሠረቱ ቀላል ነው፦ ውጤት ያስገኘ ባህሪ ይደገማል። ታዲያ እስቲ አስቡት። ልጁ በማዕከሉ ብስኩት ሲፈልግ “ሞር” ማለትን ተማረ። እቤት ሲገባ አያቱ የምታውቀው “ማስ” የሚለውን ነው። “ሞር” ይላል፣ አልገባትም፣ ብስኩት የለም። ያኔ ወደ ቀድሞው ጩኸት ይመለሳል። ጩኸት እኮ አስተርጓሚ አያስፈልገውም! የተማረው ቃል እቤት ካልሠራለት ሕክምናው ከማዕከሉ በር አላለፈም ማለት ነው።

ሦስተኛው የወላጅ ነገር ነው። እንግሊዝኛ የማይቀናት እናት በሱ ብቻ አናግሪው ስትባል የሚቀራት “ቁጭ በል”፣ “ተው”፣ “ብላ” ነው። ማባበሉ፣ ቀልዱ፣ እሹሩሩው ሁሉ ይቀራል። ድሮም ንግግር ያነሰውን ልጅ ከቤተሰቡ ጨዋታ ማስወጣት ምን ይባላል?

“ስፓኒሽ የሚችል ቴራፒስት ከየት ይምጣ? ትምህርት ቤቱስ በእንግሊዝኛ አይደለም ወይ?” የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ግን ነገሩ አንዱን ጥሎ ሌላውን መያዝ አይደለም። ልጁ እቤት በሚያስፈልጉት ቃላት ይጀመር፣ ወላጆች በቋንቋቸው ይሠልጥኑ፣ እንግሊዝኛው ደረጃ በደረጃ ይጨመር። አስተርጓሚም ካስፈለገ የሠለጠነ ይሁን እንጂ ታላቅ እህቱ አትሁን። ካርዱን ቃል በቃል መተርጎም ብቻም አይበቃም። እንግሊዝኛው “ከም” ብሎ ለሁሉም ይገላገላል፤ እኛ ዘንድ ግን ና፣ ነይ፣ ኑ፣ ይምጡ አለ። ስፓኒሽም ለአያትና ለታናሽ ወንድም የሚባለውን ይለያል።

ቤተሰቦቹ የሚደገፉበት ግን እየሳሳ ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎታቸውን ተደራሽ እንዲያደርጉ ፕሬዚዳንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ2000 የፈረሙትን ትእዛዝ፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በመጋቢት 2025 ሽረውታል። በዘር ወይም በትውልድ አገር ማግለልን የሚከለክለው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ግን አሁንም አለ።

“እኛን ምን አገባን?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እዚያ ያለችው አበሻ እናትም ጥያቄው ይመለከታታል። አዲስ አበባ ውስጥ እቤቱ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ እየሰማ በአማርኛ የሚታከመውም ልጅ እንደዚያው።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነገ ስለ ኦቲዝም እንዘግባለን። ያኔ “ልጁ ስንት ቃል ተማረ?” ብለን ብቻ አንለፍ። “ከቤቱስ ማን ገባው?” ብለን እንጠይቅ።