«ኡሻጎ» የሌላቸው ልጆች

የዲሴምበር ወር ሲጋመስ ናይሮቢ ትራገፋለች። በመናኸሪያዎቿ ሻንጣ፣ ብርድ ልብስና የስኳር ከረጢት የተሸከመ ሕዝብ ይጋፋል፤ የአውቶቡስና የማታቱ ዋጋ ይንራል፤ ወደ ናኩሩ፣ ወደ ኪሱሙና ወደ ሜሩ የሚወስደው መንገድ ይጨናነቃል። ኬንያዊው ወደ «ኡሻጎ» እየሄደ ነው፤ ወደ አባቱ ቀዬ፣ ወደ አያቱ ደጅ። ድሃውም ሀብታሙም ይሄዳል። ሆቴል የሚያስይዝ የለም፤ አያት ቤት ሆቴል አይደለምና።

በኢስሊ፣ በኪሊማኒና በሃርሊንግሃም የሚያድገው የኢትዮጵያዊ ልጅ ግን ይህን ሁሉ በመስኮት ያያል። የክፍል ጓደኞቹ ስለ አያታቸው፣ ስለ ላማቸው፣ ስለ ወንዛቸው ሲያወሩ እርሱ የሚያወራው የለውም። ቤቱ ገብቶ «የእኛስ ኡሻጎ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚጠብቀው መልስ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «ገንዘብ ሲገኝ እንሄዳለን» ይባላል፤ ወይ ደግሞ በብድር ሞምባሳ ተወስዶ በመዋኛ ዳር ፎቶግራፍ ይነሣል። ሁለቱም መልሶች ጥያቄውን ዘለውት ያልፋሉ። ልጁ የጠየቀው ከየት እንደ መጣና ወላጆቹ እነማን እንደ ሆኑ ነበር።

አማርኛ ለልጅ መቦረቂያና ለአዋቂ ወግ የሰጠው ስም አንድ ነው፤ ሁለቱም «ጨዋታ» ይባላሉ። በናይሮቢ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ለልጆቻቸው የነፈጉት ይህንኑ ጨዋታ ነው። ጨዋታው ስለ ጠፋም ዕረፍቱ ከዋጋው በላይ ይወደድባቸዋል። እርስ በርሱ የማይነጋገር ቤተሰብ ሲዝናና የግድ ሌላ የሚያዝናናው ነገር መግዛት አለበትና።

እስቲ ሒሳቡ ይታይ። ዓመቱን ሙሉ የተጣለ እቁብ ሲወጣ በሦስት ሌሊት የሆቴል ክፍያ ያልቃል። እቁቡ ካልበቃ ከዘመድ ይበደሩበታል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ሆቴል ሲደርሱ አባት ስለ ሱቁ በስልክ ይጨቃጨቃል፤ እናት የተነሣውን ፎቶግራፍ ወደ አዲስ አበባና ወደ ዋሽንግተን ትልካለች፤ ልጆቹ በየስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ጉዞው የተደረገው ለማን ነው? ለልጆቹ ነው ብሎ የሚምል ወላጅ ልቡን ቢመረምር ይሉኝታን ያገኛል። «የእገሌ ልጆች ሄደው የእኔ እንዴት ይቀራሉ?» የሚለው ሐሳብ ከልጅ ፍቅር የተወለደ ይመስላል፤ አባቱ ግን ፉክክር ነው። ከዚያም እስከ ኤፕሪል ድረስ ዕዳ ሲከፈል ቤቱ በኩርፊያ ይከርማል፤ የኩርፊያውን ዋጋ ደግሞ ልጆቹ ይከፍላሉ።

ለዚህ የመጀመሪያው መከላከያ «ጊዜ የለም» የሚለው ነው። በምግብ ቤት፣ በሱቅና በጋራዥ ሰባቱንም ቀን የሚሠራ ሰው ይህን ሲል አይዋሽም። ድካሙ እውነት ነው፤ ክብርም ይገባዋል። ነገር ግን ጊዜ በገፍ የተገኘበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የኬንያ ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘጉ፤ ሁሉም ተማሪ ወደ ክፍሉ የተመለሰው በጃንዋሪ 2021 ነው። በነዚያ ወራት በሰዓት እላፊ ምክንያት ወላጅና ልጅ ሌሊቱን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። ከዚያ ጊዜ ስንት ተረት ተረፈ? ስንት ልጅ የአያቱን ስምና የትውልድ መንደሯን አውቆ ወጣ? ጊዜ ብቻውን ጨዋታ አይወልድም። የጨዋታ ልማድ ያለው ቤት በግማሽ ሰዓትም ይጫወታል፤ ልማዱ የሌለው ዘጠኝ ወር ተቀምጦም ዝም ይላል።

ሁለተኛው መከላከያ ወግና ባህል ነው። «ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አያወራም፤ እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው» ይባላል። እውነቱ ግማሽ ነው። ባህሉ ልጅ የአዋቂ ነገር እንዳያቋርጥ ይከለክል ነበር፤ ግን ለልጅ የራሱን ሰዓትና የራሱን መድረክ ሰጥቶት ነበር። ማታ ምድጃ ዳር እንቆቅልሽ ነበረ። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱን ያጣ አገር ይሰጣል። የስድስት ዓመት ሕፃን ከአያቱ ጎንደርን ወይም ሐረርን ተቀብሎ ንጉሥ ሆኖ የሚተኛበት ቤት ነበር። ያ ጨዋታ ሳንቲም አይጠይቅም። በናይሮቢም ልጁ ናኩሩን ሰጥቶ ደሴን ቢቀበል፣ አባቱ ደግሞ በተራው ተሸንፎ ባሕር ዳርን ቢያስረክብ፣ የሁለት አገር ካርታ በአንድ ምሽት ይማራሉ። ወደ ናይሮቢ ሲመጣ ከባህሉ ክልከላውን ብቻ በሻንጣው አምጥቶ ጨዋታውን ሞያሌ ላይ የጣለ ወላጅ ባህሉን ጠበቅሁ ሊል አይችልም።

ቡናውም እንዲሁ ነው። በብዙ ቤት ልጆች ቄጠማ ይጎዘጉዛሉ፣ ፈንድሻ ያቀርባሉ፤ አቦል ሲቀዳ «በሉ ወደ ክፍላችሁ» ይባላሉ። አቦሉና ቶናው ለአዋቂዎች ነገር ይሁን፤ በረካው ግን ለልጆቹ ቢሰጥ ምን ይጎድላል? በሦስተኛው ስኒ ላይ ልጅ እንዲናገር፣ አዋቂም እንዲሰማ ቢደረግ፣ ከማንኛውም ሆቴል የተሻለ ዕረፍት በሳሎን ውስጥ ይገኛል።

የነገሩ ክፉ ገጽታ በቋንቋው ላይ ይታያል። በናይሮቢ የብዙ ወላጅ ስዋሂሊ የገበያ ስዋሂሊ ነው፤ ለዋጋና ለመንገድ ይበቃል። የብዙ ልጅ አማርኛ ደግሞ የጓዳ አማርኛ ነው፤ ከ«ና»፣ «ብላ»፣ «ተኛ» እና «ዝም በል» አያልፍም። ልጁ ከእኩዮቹ ጋር በሼንግ ይስቃል፣ በእንግሊዝኛ ያነባል፣ በአማርኛ ይታዘዛል። በሁለቱ መካከል ስለ ዋጋና ስለ ራት መነጋገር ይቻላል። ስለ ፍርሃት፣ ስለ ኀፍረት፣ ስለ ፍቅርና ስለ ሐዘን የሚነገርበት የጋራ ቋንቋ ግን የለም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከባድ ነገር ገጥሞት ለእናቱ ሊነግራት ቢፈልግ በምን ቃል ይንገራት? እርሷስ በምን ቃል ታጽናናው? አማርኛን ለልጅ ማስተማር የፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ መስቀል ብቻ አይደለም። ቋንቋ የሚያድገው የሚነገርበት ነገር ሲኖር ነው። ልጅ በትእዛዝ ብቻ የሰማውን ቋንቋ ለመታዘዝ ካልሆነ በቀር አይፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በጁን 2024 የኬንያ ወጣቶች የፋይናንስ ረቂቅ ሕጉን ተቃውመው አደባባይ በወጡ ጊዜ፣ በ25ኛው ቀንም ወደ ፓርላማው በገቡ ጊዜ፣ ይህ ጉድለት ገሃድ ወጣ። የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ልጆቹ ሁሉን በስልካቸው ያዩ ነበር። የእኩዮቻቸው ነገር ነውና ሊጠይቁ ይሻሉ፤ ይህ አገር የእኛ ነው? እኛስ በዚህ ምን ድርሻ አለን? ለእንዲህ ያለው ጥያቄ «በሰው አገር ፖለቲካ አትግባ» ብሎ በር መዝጋት ይቀላል። ሥጋቱ ከየት እንደ መጣ ማንም ያውቃል፤ ከዚያ ትውልድ ብዙው በራሱ አገር ፖለቲካ የተቃጠለ ነው። እንግዲያስ የተቃጠለበትን ታሪክ ለምን አይነግረውም? ወላጅ በራሱ ላይ የደረሰውን ቢተርክ ልጁ ማስጠንቀቂያውን ከነምክንያቱ ያገኛል። ምክንያቱ ያልተነገረው ልጅ ግን መልሱን ከማያውቀው ሰው ስልክ ውስጥ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዋጋው ይመለሷል። ናይሮቢ ለቤተሰብ ዕረፍት ንፉግ ከተማ አይደለችም። የካሩራ ደን 1000 ሄክታር ያህል ስፋት አለው፤ ወንዝ፣ ፏፏቴና ዋሻ አለው። ዛሬ ልጆች የሚሮጡበት ይህ ደን ለባለ ሀብቶች ሊሸነሸን ሲል ዋንጋሪ ማታይና ጓደኞቿ በ1999 ተደብድበው አስጥለውታል፤ እርሷም በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብላለች። አርቦሬተም በ1907 የተተከለ የዛፎች መናፈሻ ነው፤ ለመሐል ከተማም ቅርብ ነው። በ1946 የተከለለው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳን ከፎቅ ጋር በአንድ ዓይን የሚያሳይ ነው። በናይቫሻ አጠገብ ያለው ሄልስ ጌት ጎብኚ በእግሩና በብስክሌት ከሜዳ አህያ ጋር የሚውልበት ፓርክ ነው። መግቢያቸው ለዜጋ፣ ለነዋሪና ለውጭ ጎብኚ ስለሚለያይ የመኖሪያ ወረቀትንና የልጆችን የልደት ምስክር ወረቀት መያዝ ብቻ ብዙ ሽልንግ ያድናል። ሁለት ሦስት ቤተሰብ አንድ ማታቱ ተከራይቶ፣ ቆጮውን ወይም እንጀራውን በአገልግል ይዞ ቢሄድ፣ ጠቅላላ ወጪው የአንድ ልደት ኬክና የአዳራሽ ኪራይ አያክልም።

ሞምባሳም ቢሆን በብድር ብቻ የሚደረስበት አገር አይደለም። በ2017 ሥራ የጀመረው የማዳራካ ባቡር በ2024 መጀመሪያ የተራ መቀመጫ ዋጋው ከ1000 ወደ 1500 ሽልንግ ከፍ ካለ በኋላም ከአውሮፕላን እጅግ የረከሰ ነው። መንገዱ የጻቮን ፓርክ ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ዝሆን በመስኮት ይታያል። በዲሴምበር ከመጋፋት ይልቅ በሌላው የትምህርት ዕረፍት፣ በኤፕሪል ወይም በኦገስት፣ ቲኬት ቀደም ብሎ ገዝቶ መሄድ ይሻላል። የልጁ ልብ የሚያስታውሰውም የሆቴሉን ኮከብ ሳይሆን በባቡሩ ውስጥ በአምስት ስድስት ሰዓት የተጫወተውን ነው።

በዚያ ጉዞ ምን ይወራል? የሚወራውማ ሞልቷል። ባቡሩ ቮይ ሲደርስ ወደ ታቬታ የሚገነጠል መንገድ አለ። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረበት ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ድንበር ተሻግረው በኢሲኦሎ፣ በኋላም በታቬታ በስደተኛ ሰፈር ኖረዋል። ከመካከላቸውም በ1940 እና በ1941 መሣሪያ ይዘው አገራቸውን ነጻ ለማውጣት የተመለሱ አሉ። በናይሮቢ መሐል ደግሞ የኃይለ ሥላሴ ጎዳና አለ፤ ልጆች በየቀኑ በማታቱ ያልፉበታል። ጎዳናው በዚያ ስም ለምን እንደ ተጠራ የነገራቸው ስንቱ ነው? ኢትዮጵያዊ በኬንያ ምድር ትናንት የመጣ እንግዳ እንዳልሆነ የሚያውቅ ልጅ «ኡሻጎህ የት ነው?» ሲባል አንገቱን አይደፋም።

የጾምና የበዓል ነገርም እንደ ሰበብ ይቀርባል። «ኦገስት ፍልሰታ ነው፤ ምን ሽርሽር አለ?» ይባላል። እንዲያውም በዓል ከልጆቹ ዕረፍት ጋር የሚገጥመው ያን ጊዜ ነው። እንቁጣጣሽ በሴፕቴምበር፣ ትምህርት በተጋጋለበት ሰሞን ይውላል፤ የጥምቀትም ቀን ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው። ቡሄ ግን በኦገስት 19፣ አብዛኞቹ የኬንያ ተማሪዎች ቤት ባሉበት ወር ይመጣል። ሙልሙል ለመጋገር ዱቄት፣ ችቦ ለማብራት ጭራሮ፣ ጅራፍ ለመግመድ ገመድ ይበቃል። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ልጆች፣ ኬንያዊ ጎረቤቶቻቸውንም ጨምረው፣ በየደጁ ቢጨፍሩ ክልከላው ምን ላይ ነው? ሙስሊም ወላጅም በኢድ ቀን ልጁን አዲስ ልብስ አልብሶ ከመሸኘት አልፎ፣ እርሱ ልጅ ሳለ ኢድ በወሎ ወይም በሐረር እንዴት ይከበር እንደ ነበረ ቢተርክለት ልብሱ ካለቀም በኋላ ትረካው ይቀራል።

በእውነት የማይችሉ መኖራቸው አይካድም። የስደተኛ ወረቀት ይዞ ከከተማ መውጣት የሚያሳስበው አለ፤ የቤት ኪራይ ከፍሎ ለልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጨነቅ አለ፤ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ከሥራ የምትመለስ እናት አለች። እነርሱን በፎቶግራፍ ውድድር ማሳቀቅ ነውር ነው። ማኅበራት ለሠርግና ለድግስ አውቶቡስ ይከራያሉ፤ አዳራሽ ይይዛሉ። በዓመት አንድ ቀን የእነዚህን ልጆች ሁሉ አሳፍረው ወደ ንጎንግ ኮረብታ ቢወስዱ ምን ያጎድላቸዋል? የልጆች ዝግጅት ነው ተብሎ ልጆች ሁለት ሰዓት ተቀምጠው የአዋቂ ንግግር የሚሰሙበትን ልማድም ቢተዉ መልካም ነው። ጥያቄውን ልጆቹ ይጠይቁ፤ አዛውንቶቹ ይመልሱ።

ወላጅም የሚቀጥለውን ዕረፍት በጀት ሲያወጣ ከሽልንጉ በፊት አንድ ሌላ መስመር ይጻፍ፤ «ለልጆቼ እስከ ዛሬ ያልነገርኳቸው ምንድን ነው?» ይበል። የትውልድ መንደሩ ስም፣ የወንዙ ስም፣ አገሩን የለቀቀበት ቀን፣ ድንበር ሲሻገር የፈራው ፍርሃት ይኖራል። ይህን ለመንገር እቁብ መጣል አያስፈልግም፤ ስልክን በጓዳ ትቶ መቀመጥ ግን ያስፈልጋል። ልጅ ሆኖ የሚጠይቅበት ዘመን አጭር ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ መጠየቁን ያቆማል፤ ያን ጊዜ አባት የመናገር ጊዜ ቢያገኝ እንኳ ልጁ የመስማት ጊዜ አይኖረውም።