የአዳኝ ቢላዋ

በሥራ ምክንያት ወደ አሶሳ ቢዛወሩና ፈቃድ ያለው አዳኝ «አብረን እንውጣ» ቢልዎ፣ ረጅም ጩቤ ለመግዛት ይቸኩሉ ይሆናል። ጥቂት ይታገሡ! ጩቤ ለወገብ ጌጥ ነው፤ ለሥራ ግን አጭር ቢላዋ ይበልጣል።

ለሚዳቋና ለዲኩላ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ስለት ይበቃል። ረጅም ከሆነ ሆዱን ሲከፍቱ ጫፉ ጨጓራውን ይወጋና ፈርሱ ሥጋውን ያበላሻል፤ በዓባይ ሸለቆ ሙቀት ደግሞ ሥጋ ጊዜ አይሰጥም። ሰንጢም ለኪስ ይመቻል እንጂ ደምና ጮማ መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ለማጽዳት ያስቸግራል። እጀታው በደም ሲርስ የማያሟልጭ እንጨት ወይም ቀንድ ይሁን።

ብረት ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሠራው ቢላዋ በቶሎ ይሳላል፤ ነገር ግን ይዝጋልና አጥበው፣ አድርቀው፣ ዘይት ይቀቡት። የዶለዶመ ቢላዋ ኃይል ይጠይቃል፤ ኃይል ሲበዛ ያዳልጣል፤ የሚቆረጠውም የባለቤቱ ጣት ነው።

ስለት የወዳጅነትም ጉዳይ ነው። የበርታ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ በሃይማኖቱም የተመታው እንስሳ ነፍሱ ሳይወጣ ከተደረሰበት የአላህ ስም ተጠርቶ መታረድ አለበት። በዚያች ቅጽበት የተሳለ ቢላዋ ለጓደኛዎ ካላቀበሉት የቀን ሙሉ ድካሙ ከንቱ ይሆንበታል።

ሕጉ ያለ ፈቃድ ማደንን እንደሚከለክልም አይርሱ። ፈቃድ የሌለዎ እንደሆነ አይዘኑ፤ ጥሩ ቢላዋ ሽንኩርትም ይከትፋል።