ጳጉሜን የማያውቀው ቅጽ

በሶፍትዌር ሠሪዎች መንደር በየጥቂት ዓመቱ የሚያገረሽ ክርክር አለ፤ የጃንጎ አድሚን ገጽ አርጅቷልና እንደገና ይሠራ የሚል። የቴክኖሎጂ ወሬ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ጉዳዩ መሀል ሜዳ፣ ራቤልና ዓለም ከተማ ድረስ ይደርሳል።

ጃንጎ ድረ ገጽ የሚሠራበት መሣሪያ ነው፤ ማንም በነጻ ወስዶ የሚጠቀምበት፣ ውስጡን ገልጦ የሚያየውና የሚያሻሽለው፣ ኦፕን ሶርስ የሚባለው ዓይነት። በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ፣ ሎውረንስ ጆርናል ወርልድ በተባለ የአካባቢ ጋዜጣ ቢሮ ተጀመረ፤ በ2005 ለሁሉም ተለቀቀ። ካስወደዱት ነገሮች አንዱ አድሚኑ ነው። ሠሪው «ስም፣ የትውልድ ቀንና ቀበሌ እመዘግባለሁ» ብሎ ከነገረው፣ መመዝገቢያ ቅጹን፣ መፈለጊያውንና ማረሚያውን ራሱ አዘጋጅቶ ያቀርባል። የሳምንታት ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። መጀመሪያ የታሰበው ደግሞ ለዚያ ጋዜጣ ሠራተኞች ነው፤ ዜናቸውን ቶሎ አስገብተው ወደ ሌላ ሥራ እንዲሄዱ።

እስካሁን ምን ተለወጠ? በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ መልኩ ታደሰ። በ2017 በስልክም እንዲከፈት ሆነ። በ2021 ጨለም ያለ ገጽታ ተጨመረለት። ይህ አልበቃ ያላቸውም ግራፔሊ፣ ጃዝሚን፣ አንፎልድ የሚባሉ ልብሶች ሰፍተውለታል። ሁሉም ደግ ነው፤ ግን ሁሉም የመልክ ነገር ነው። እኔ የምለው፣ ለእኛ አገር ጸሐፊ እንደገና መሠራት ያለበት ቀለሙ ሳይሆን ቅጹ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

በዚህ መሣሪያ የተሠራ የልደት መመዝገቢያ መንዝ ማማ ላይ፣ ሞላሌ ቢሮ ተቀመጠ እንበል። እናት ቀርባ ልጇ መስከረም 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ተወለደ ትላለች። ጸሐፊው እንደለመደው ቀኑን አስቀድሞ 5/1/2016 ብሎ ይጽፋል። ጃንጎ ካልተነገረው በስተቀር በአሜሪካ እንግሊዝኛ ነው የሚሠራው፤ አሜሪካኖች ደግሞ ወሩን ያስቀድማሉ። ስለዚህ ሜይ 1 ቀን 2016 ብሎ ይቀበለዋል። ስህተት አለ አይልም፤ በአረንጓዴ ምልክት ተመዝግቧል ይላል። ሕፃኑ ግን ከሰባት ዓመት በላይ አርጅቷል። በወረቀት ክርስትና ሳይነሳ በኮምፒውተር ትምህርት ቤት ገብቷል ማለት ነው።

መስከረም 25 ቢሆንስ? ሃያ አምስተኛ ወር የለምና ቅጹ ይመልሰዋል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጳጉሜን ልጅ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2015፣ 3/13/2015 ተብሎ ሲጻፍ ማርች 13 ሆኖ ሰተት ብሎ ይገባል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በየወሩ ከ1 እስከ 12 ያሉት ቀኖችና ጳጉሜን ዝም ብለው ይበላሻሉ፣ የቀሩት ይመለሳሉ። የሚመለሰውስ ይታረማል፤ ዝም ብሎ የገባውን ማን ያገኘዋል?

ሰዓቱም ያው ነው። አድሚኑ ሰዓት ለመሙላት አቋራጭ ቁልፎች ያቀርባል፤ አሁን፣ እኩለ ሌሊት፣ ከጠዋቱ 6፣ ቀትር፣ ከምሽቱ 6። ከቀኑ በስድስት ሰዓት የተወለደውን ለመመዝገብ የፈለገ ሰው እጁ የሚሄደው 6 ወደሚለው ነው። ያ ግን ገና ማለዳ 12 ሰዓት ነው። የእኛ ስድስት ሰዓት «ቀትር» በሚለው ውስጥ ተሸሽጓል።

ስም ላይ ደግሞ ጃንጎ ለተጠቃሚዎቹ ያዘጋጀው ሁለት ቦታ ነው፤ የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም። የቤተሰብ ስም የሚባል እኛ ዘንድ የለም። የአባት ስም ነው ያለን፤ ሚስትም የባሏን ስም አትወስድም። የአያት ስም ከሌለ በአንድ ቀበሌ ያሉትን ሦስት አበበ ከበደዎች የሚለያቸው ነገር ይጠፋል። የመሬት ደብተር ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። መንዝ ውስጥ ርስት በማን ልጅነት እንደሚቆጠር የሚያውቅ ሰው አያትን መተው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የጃንጎ ሰዎች መልስ እንዳላቸው አውቃለሁ። አድሚኑ ለድርጅት የውስጥ ሥራ እንጂ ለሕዝብ አገልግሎት አልታሰበም ብለው በመመሪያቸው ላይ ጽፈዋል። ልክ ናቸው። ነገር ግን በሙያው ያለን ሰዎች የሚሆነውን እናውቃለን፤ ገንዘቡና ጊዜው ሲያልቅ ያ በነጻ የተገኘ ገጽ እንዳለ ለወረዳው ይሰጣል። ቀኑንና ስሙን ማስተካከልም ይቻላል፤ አንድ ጎበዝ ልጅ በሁለት ሳምንት ይጨርሰዋል። ችግሩ እያንዳንዱ ጎበዝ ልጅ በየቢሮው ለብቻው መጠገኑ ነው። እሱ ሥራ ሲለቅ ጥገናውም አብሮ ይሄዳል።

«ታዲያ ለምን ፈረንጅ አቆጣጠር አንጠቀምም?» የሚል አይጠፋም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ፍርድ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ መዝገቡ በእኛ ነው። የጊሼ እናት ልጄን የወለድኩት በአስተርዮ ማርያም ማግስት ነው ብትል ጸሐፊው ሳያስብ ጥር 22 ብሎ ይጽፋል። ጃንዋሪ 30 ነው ወይስ 31? እንደ ዓመቱ ይለያያል። ይህን ሒሳብ መሥራት የማሽኑ ግዴታ እንጂ የጸሐፊው አይመስለኝም።

ደግሞም ተችሏል። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 ኦፕን ሶርስ ነው፤ የሚመራው ኖርዌይ፣ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከነጳጉሜኑ ያውቃል። የኔፓልንም ያውቃል። አንዴ ዋናው ውስጥ ገብቷልና በየወረዳው መጠገን አያስፈልግም። ከዚያ በፊትም የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ነው ዛሬ ይህን ጽሑፍ ፊደል ሳንጭን በስልካችን የምናነበው። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ለማሳየት የሚያስፈልገው ስሌትማ አሁን የምትጠቀሙበት ብሮውዘር ውስጥ ተቀምጧል። የጎደለው መሙያው ነው።

ከቀንና ከስም የማይተናነስ ሌላ ነገር ደግሞ መረቡ ነው። አድሚኑ የተሞላውን ሁሉ በአንዴ ነው የሚልከው፤ ረቂቅ አያስቀምጥም። መስመሩ መሀል ላይ ከተቆረጠ የግማሽ ሰዓት ሥራ ሊጠፋ ይችላል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማስታወስ አያሻም። ዲኤችአይኤስ 2 የስልክ መተግበሪያው መረጃውን ይዞ ቆይቶ መረቡ ሲመለስ ይልካል። ለመንዝና ለመርሐቤቴ የሚሠራ ሰው ከዚህ ነው መጀመር ያለበት። የገጹ ቀለም ይቆይ።

የፋይዳ መታወቂያ እንኳ ሞሲፕ በሚባል ኦፕን ሶርስ ሥርዓት ላይ ነው የቆመው። መንግሥታችን መዝገቡን በነጻ ሶፍትዌር ላይ እየገነባ ነው፤ ግን ከወሰድነው ይልቅ የመለስነው እጅግ ያንሳል። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀምሯል። ከነዚያ ውስጥ ሃያዎቹ ተሰባስበው የኢትዮጵያን ቀን መሙያ ለጃንጎ ሠርተው ቢያቀርቡ፣ በሩ ክፍት ነው፤ ሐሳብ የሚቀርብበትና የሚፈተሽበት ሥርዓት አለው። ሶፍትዌር የሚገዛ ቢሮም በጨረታ ሰነዱ ላይ ሦስት መስመር ይጨምር፤ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ይሞላል፣ የአያት ስም ቦታ አለው፣ መረብ ሲጠፋ ሥራው አይጠፋም። ርክክቡም አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ አይሁን። የወረዳው ጸሐፊ ሞላሌ ላይ፣ የጳጉሜን ልጅ መዝግቦ ሲያሳይ ይፈረም።