ፎቶግራፍ ማንሣት ከመስክ ትምህርት ጋር ቢጣመር

በየዓመቱ ክረምት ሲገባ የገጠር ተማሪዎች ችግኝ ተሸክመው ወደ ተራራ ይወጣሉ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ችግኙ ከፕላስቲኩ ወጥቶ፣ አፈሩ በእጅ ተጠቅጥቆ ሲያበቃ አንድ ባለካሜራ ወይም ባለስልክ ይመጣና ተካዮቹን አሰልፎ ፎቶግራፍ ያነሣል። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የዚህ ዓይነቱ ፎቶግራፍ ቁጥር ስፍር የለውም። ዳሩ ግን ያው ሥፍራ በሦስተኛው ዓመት ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ፎቶግራፍ አምጡ ቢባል የሚያመጣው ጥቂት ነው። ችግኙ ጸድቆ እንደሆነ፣ ፍየል በልቶት እንደሆነ ወይም በበጋው ደርቆ እንደሆነ በወሬ እንጂ በማስረጃ አይታወቅም።

ለዚህ ሥራ ከአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የተሻለ የሚገኝ አይመስልም። ተማሪው በዚያው መንገድ በየቀኑ ይመላለሳል፤ ከትምህርት መልስ ከብት የሚጠብቀውም በዚያው ኮረብታ ግርጌ ነው። የአካባቢ ሳይንስ ትምህርትም ቢሆን ስለ አፈር፣ ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት የሚናገር ነው። የጎደለው ነገር ቢኖር ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ያየውን መዝግቦ የሚመለስበት ዘዴ ነው።

የተፈጥሮ ፎቶግራፍ ትምህርት ሲባል ብዙ ሰው የሚታሰበው አበባና የጀንበር መጥለቂያ ነው። ሕፃናቱ እነዚህን አንሥተው ቢመለሱ ክፋት የለውም። ይሁን እንጂ ለገጠር ተማሪ ይልቁንም የሚጠቅመው በአንድ ሥፍራ ቆሞ አንድን ነገር ደጋግሞ ማንሣትን መልመድ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት አብረውት የመጡ ፎቶግራፍ አንሺዎች በሰሜን ኢትዮጵያ ያለፉባቸውን ተራሮችና ሸለቆዎች አንሥተው ነበር። ከ140 ዓመታት ገደማ በኋላ በቤልጂግ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው እነዚያን ሥዕሎች ይዘው፣ የቀድሞው አንሺ የቆመበትን ሥፍራ በእግር እየፈለጉ፣ እንደገና አነሡ። ጥንት አገሩ በደን የተሸፈነ ነበር፣ በቅርቡ ግን ተራቆተ እየተባለ ሲነገር ለኖረው ነገር ፎቶግራፎቹ የሰጡት መልስ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ብዙው ተራራ በ1860 ዓ.ም. ገላጣ ነበር፤ በአዲሶቹ ሥዕሎች ላይ ግን በአያሌ ሥፍራዎች ዛፉ በዝቶ፣ የአፈር መከላከያ እርከን ተሠርቶ ታየ። ድንጋይ ሲሸከም የኖረው ገበሬ ድካም በዚህ ሊታወቅለት ቻለ። በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ምክንያት በትግራይ ብዙ ዛፍ ለማገዶና ለከሰል ስለተቆረጠ ያ ሁኔታ እንዳለ ነው ለማለት አይቻልም። ሦስተኛ ዙር ማንሣት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ይህንኑ ሥራ አንድ ትምህርት ቤት በአቅሙ ሊሠራው ይችላል። ከቅጥሩ ጀርባ ቦረቦር አለ እንበል። ከዳር ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ይተከላል፤ ተማሪው ሁልጊዜ እዚያ ላይ ቆሞ ያነሣል። በፎቶግራፉ ግራ ጥግ ያቺ ግራር፣ በቀኝ ጥግ ያ የቆርቆሮ ቤት መግባት አለባቸው። ከቦረቦሩ ውስጥ ሌላው ተማሪ ርዝመቱ የታወቀ ዘንግ ይዞ ይቆማል፤ ጥልቀቱን የሚናገረው ዘንጉ ነው። ሰዓቱም የታሰበበት መሆን አለበት። በእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት ላይ ስለምትሆን የቦረቦሩ ግድግዳ ከሜዳው አይለይም፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ቢሆን ጥላው እያንዳንዱን ስንጥቅ ያወጣዋል። ወሩ ከተለወጠ ደግሞ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። በነሐሴ የተነሣ ተራራ ሁሉ ለምለም ነው። የየካቲትን ድርቀትና የነሐሴን ልምላሜ ጎን ለጎን አድርጎ «ልማት መጣ» ማለት ተማሪውን ውሸት ማስተማር ነው። እንዲህ የሚያደርጉ ዐዋቂዎች መኖራቸው የታወቀ ነው።

ከቅርብ የሚነሣም አለ። በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች በግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የሚመስል ነጣ ያለ መስመር፣ ወደ ጅራቱ ገደማ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቋቁር ነጥቦች አሉት። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ እነዚህን በዐይን መለየት ያስቸግራል። በበቆሎው ጫፍ ቅጠል ውስጥ ተሸጉጦ የተገኘውን ትል ተማሪው ቅጠል ላይ አድርጎ፣ ስልኩን አንድ ስንዝር ያህል አርቆ ቢያነሣው፣ ኋላም ሥዕሉን አስፍቶ ቢያየው ነጥቦቹን ይቆጥራቸዋል። በጣም ካስጠጋው ግን ሥዕሉ ይደበዝዛል። ፎቶግራፉ ለግብርና ልማት ሠራተኛው ቢደርስ ማሳው ሳይበላ ምክር ይገኛል።

በመስክ ላይ የሚታይ ሌላም ጥቅም አለ። በክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የሚውለው እረኛ ተማሪ ወይራን ከጽድ፣ ብሳናን ከኮሶ ለመለየት መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ የወፉን ጎጆ ያውቃል፣ ውኃው በየትኛው ወር እንደሚደርቅ ያውቃል። ከከተማ የመጣው መምህር በዚያን ሰዓት ጠያቂ፣ ልጁ መላሽ ይሆናል። ስለ ጎጆ ከተነሣ ግን ጥንቃቄ ያሻል። እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን ጎጆ ተጠግቶ ማንሣት እናቲቱን ስለሚያባርር መከልከል አለበት። የሰው ማሳና የሰው ፊትም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይነሣም።

«ስልክ ልጆቻችንን ያበላሻል» የሚሉ ወላጆች ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን እዚህ ላይ የሚጠየቀው ለእያንዳንዱ ልጅ ስልክ ይሰጠው አይደለም። ለአርባ ተማሪ አንድ መሣሪያ ይበቃል፤ እንዲያውም አንድ መሆኑ ይሻላል። አንዱ ያነሣል፣ አንዱ ዘንግ ይይዛል፣ አንዷ ቀኑንና ሰዓቱን በደብተር ትጽፋለች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይለዋወጣሉ። ከዚህ የሚከፋው ችግር በንብረት ክፍል የሚቆለፈው ካሜራ ነው። ቢሰበር ከደመወዙ የሚቆረጥበት መምህር ካሜራውን ወደ ቦረቦር ይዞ ይውረድ ማለት ፍርድ አይሆንም። የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ለመስክ ሥራ የወጣ ዕቃ ቢጎዳ መምህሩ እንዳይጠየቅበት አስቀድመው በጽሑፍ ሊወስኑ ይገባል።

ድንጋዩ በችግኝ ተከላው ቀን ቢተከል፣ የመጀመሪያው ፎቶግራፍ በጥር ይነሣል። በዚያን ዓመት ሦስተኛ ክፍል የሆነ ተማሪ ስድስተኛን እስኪጨርስ አራት የጥር ፎቶግራፎች ይኖሩታል። ከዚያ በኋላ ድንጋዩን የሚረከቡት ታናናሾቹ ናቸው።